ከበሮ መቺው ያልመታው ከበሮ

የስዊድኑ የሜታል ባንድ መሹጋ በ2005 እ.ኤ.አ. «ካች ሰርቲስሪ» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ ከበሮውን ያቀናበረው በኮምፒውተር ነው። ድምፆቹ ግን ከራሱ ከበሮ መቺ ከቶማስ ሃኬ ምት የተቀዱ ናቸው፤ የ47 ደቂቃውን ሥራ ምት በምት ያሰላውም የሰው ጭንቅላት ነው። ታዲያ «ማሽን ነፍስ የለውም» የሚለው ክስ ምኑን ይነካል? እርግጥ ምቱ ሁሉ እኩል ጉልበት ሲኖረው ጆሮ ይሰለቻል። የበርሚንግሃሙ ባንድ ጎድፍሌሽ ግን በ1989 እ.ኤ.አ. «ስትሪትክሊነር» በተሰኘው አልበሙ ላይ ይህንኑ ድርቀት ሆን ብሎ ተጠቀመበት፤ ከጊታሩ ጩኸት ሥር የማይደክመው የከበሮ ማሽን ነው የሚያስፈራው። ዛሬ መሣሪያው በየላፕቶፑ ስለገባ ተመሳሳይ ሥራ በዝቷል የሚሉም አልተሳሳቱም። ለዚያ ተጠያቂው ግን ተዘጋጅቶ የመጣለትን ምት ሳይነካ የሚያሳልፍ ሙዚቀኛ ነው።