የተጫዋቹ ቁመትና የመምህሩ መዝገብ



በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ኒምራ ታላታ ሰፈር የዘለቀ ሰው፣ ረጃጅም ወጣቶች በቅርጫት ኳስ ሜዳ ተሰብስበው ሲጫወቱ ያያል። የብዙዎቹ ምኞት በአሜሪካ ኮሌጆች ተጫዋች መራጮች ዓይን ገብቶ፣ እየተጫወቱ በነጻ መማር ነው። ምኞቱም ከንቱ ሕልም አይደለም። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በ13ኛው ዓመት፣ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ብሔራዊ ቡድኗ በፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸንፏል። ከዚሁ ቡድን ጋር የተሰለፈው ካማን ማሉዋችም በዱክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተጫውቶ፣ በ2025 ለአሜሪካ የሙያ ቡድኖች በተደረገው ምርጫ 10ኛ ሆኖ ተመርጧል።

ነገር ግን ስለ ተጫዋች ቁመት የሚናገር ብዙ ሲሆን፣ ስለ ትምህርት መዝገቡ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ማኑቴ ቦል ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር ነበር። በ1983 ወደ ክሊቭላንድ ከተማ ሲሄድ እንግሊዝኛን በሚገባ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበርና፣ በዚያ ለኮሌጅ ሳይጫወት ቀረ። በብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ ለመሰለፍ የቻለው በ1984 ነው። ቁመቱ ዓይንን ሳበ እንጂ በሩን ወዲያው አልከፈተለትም። ሉዎል ዴንግ ግን በዋው ተወልዶ፣ በስደት በግብፅና በለንደን አድጎ፣ በኒው ጀርሲ በሚገኘው በብሌር አካዳሚ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ስለ ፈጸመ፣ በ2003 በቀጥታ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ዴንግም ሆነ ማሉዋች ያደጉትና የተማሩት ከሀገራቸው ውጭ ነው። በጁባ የቀረው ልጅ ግን በ2013 የተነሣው ጦርነት፣ በ2016ም በከተማይቱ ውስጥ የሆነው ውጊያ ትምህርቱን ያቋረጠበት፣ ቤተሰቡን የበተነበት ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ምስክር ሆኖ የሚቆምለት መምህሩ ነው።

የአሜሪካ ኮሌጆች ብሔራዊ የስፖርት ማኅበር በከፍተኛው ምድብ ለመሰለፍ የሚሻ ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ 16 መሠረታዊ የትምህርት ክፍሎችን ማጠናቀቁን ይመረምራል። ከእነዚህም እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 3 ሲሆኑ፣ የውጤቱ አማካይ ከ4 ነጥብ ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ይህ በመጨረሻው ዓመት በችኮላ የሚሞላ ጕድለት አይደለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው ነው።

ስለዚህ ልጁ የሁለተኛ ደረጃን በጀመረበት ዓመት መምህሩ ሥራውን ይጀምር። በየመንፈቁ የውጤቱን ግልባጭ ማኅተም አስደርጎ በሁለት ቦታ ያኑር። የልጁ ስም በልደት ምስክር ወረቀት፣ በፓስፖርትና በትምህርት ቤት መዝገብ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ይመልከት፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አንዱ ልጅ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራልና። ዕድሜውን ማሳነስ ለልጁ መርዳት የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ መምህሩ በጽናት እንቢ ይበል፤ ሐሰቱ በተገለጠ ቀን የሚወድቀው ልጁ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍም ያየውን እንጂ የሚመኘውን አይጻፍ። ከደላላ ጋር የገንዘብ ውል እንዳይፈረም ወላጆችን አስቀድሞ ያስጠንቅቅ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም በሩ ሊዘጋ ይችላል። በ2025 በሚያዝያ ወር የአሜሪካ መንግሥት በደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የተሰጠውን ቪዛ ሁሉ መሰረዙን ሲያስታውቅ፣ ማሉዋች ከዱክ ቡድን ጋር በመጨረሻዎቹ ግጥሚያዎች ላይ ነበር። እንዲህ ያለውን ውሳኔ መምህር አይመልሰውም። ነገር ግን በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ለአሜሪካ ብቻ የሚያገለግል አይደለም፤ በጁባም፣ በካምፓላም፣ በአዲስ አበባም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነው። ጉልበቱ ቢታጠፍ ወይም መራጩ ቢያልፈው፣ እንግሊዝኛውና ሒሳቡ ከልጁ ጋር ይቀራሉ።

እንግዲህ ረጅም ልጅ ወደ ክፍል ሲገባ፣ መምህሩ አስቀድሞ ቁመቱን ሳይሆን ደብተሩን ይጠይቅ። ልጁ ኳሱን ቢያጣ እንኳ ትምህርቱን ያላጣ እንደ ሆነ፣ የመምህሩ ድካም ፍሬ አፍርቷል።