ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በፊት



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ዛሬ የምናነሳው ሥራ ስላገኘ፣ ነገር ግን ገና ስላልጀመረ ሰው ነው። ሥራ ሲገኝ አልሐምዱሊላህ እንልና ልብስና ጫማ ለመግዛት እንሮጣለን። ንጹሕ ሆኖ መቅረብ ከዲናችን ነው። ነገር ግን ከልብሱ በፊት መስተካከል ያለበት ነገር አለ።

አንድ ወጣት ከዒሻ ሰላት በኋላ ቀረበኝና፣ «ኡስታዝ፣ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ፤ ግን እንቅልፍ አጣሁ» አለኝ። በአንድ ድርጅት በንብረት ክፍል ኃላፊነት ተቀጥሯል። ቅጥሩ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቅ ስለነበር ካልሠራበት የዘመድ ሱቅ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አጽፎ አቅርቧል። «ደመወዙ ሐላል ይሆንልኛል?» ሲል ጠየቀኝ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት እንዳገኛቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ሻጩ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። ወንድሜን፣ «ያንተም ደብዳቤ እርጥቡን እህል የሸፈነ ደረቅ እህል ነው። ከሰኞ በፊት ሄደህ እውነቱን ንገራቸው» አልኩት። «ቢያባርሩኝስ?» አለ። «ሪዝቅህ በአላህ እጅ ነው» አልኩት። ለእኔ መናገሩ ቀላል ነበር፤ እናቱን የሚጦረው ግን እርሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ ተቆጡ። ቆይተው ግን በኃላፊነት ሳይሆን በረዳትነት፣ በአነስተኛ ደመወዝ እንዲጀምር ፈቀዱለት። እናቱ ለጥቂት ጊዜ አኩርፈውኝ ነበር። እርሱ ግን ሰኞን አንገቱን ቀና አድርጎ ገባ።

ወንድሞችና እህቶች! ለዚህ ጉዳይ ትልቁ ምሳሌያችን ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ናቸው። ከግብፅ ተሰደው መድየን ሲደርሱ ቤትም ሥራም አልነበራቸውም። በሱረቱል ቀሰስ እንደተነገረን፣ ከሁለቱ እህትማማቾች አንዷ አባቷን እንዲቀጥሯቸው ስትመክር ሁለት ነገር ጠቀሰች፦ ብርታትንና ታማኝነትን። ሽማግሌውም ውሉን አስቀድመው ግልጽ አደረጉ፦ ስምንት ዓመት ግዴታ፣ አሥር ከሞላ በሙሳ በጎ ፈቃድ፤ ሊያስቸግሯቸውም እንደማይፈልጉ ነገሯቸው። ሙሳም (ዐ.ሰ) ተስማምተው አላህን ምስክር አደረጉ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደተናገሩት የፈጸሙት ረጅሙን ጊዜ ነው።

እንግዲህ እኛም ከመጀመሪያው ቀን በፊት በእነዚህ ሦስት ነገሮች ራሳችንን እንመርምር።

አንደኛው ብርታት ነው። ብርታት የጉልበት ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ማወቅም ነው። የምትሠሩበትን ሥራ ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ የረሳችሁትን ከልሱ። ታክሲው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አንድ ጠዋት ሄዳችሁ እዩ።

ሁለተኛው አማና ነው። በማስረጃችሁ ውስጥ ሐሰት ካለ ዛሬውኑ አስተካክሉ።

ሦስተኛው ውል ነው። ደመወዙን፣ ሰዓቱን፣ የሥራውን ዝርዝር ሳትጠይቁ አትፈርሙ። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ መስማማትን ይጠይቃል፤ ከ60 የሥራ ቀናትም ማለፍ የለበትም። የሰላትና የጁምዓን ጉዳይም ቀድማችሁ በትሕትና አንሱ። «የወጣሁበትን ሰዓት አካክሳለሁ» ብሎ መነጋገር ተደብቆ ከመውጣት ይሻላል። ተደብቆ የሚወጣ ሰው ሰላቱን ቢያገኝም በሥራ ባልደረቦቹ ፊት አማናውን ያጎድፋል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ገና ሳይጀምር ደመወዙን አትከፋፍሉበት። «እንደምንም ግባ» አትበሉት፤ «በሐላል ግባ» በሉት። በዚያች ሌሊት ሁለት ረከዓ ሰግዶ፣ ኒያውን አስተካክሎ እንዲተኛ አግዙት።

አላህ ሥራ ላጡት ሐላል ሥራን፣ ላገኙት በረካን፣ ለሁላችንም አማናን የምንጠብቅበት ልብ ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።