ካሜራው የት ይቁም?



ስለ ማኅበራችን አጭር ፊልም ሊቀረጽ ነው። አስቀድመን ካሜራው የት እንደሚቆም እንነጋገር። ከላይ ወደ ታች ሲያነሳን ትንሽና ምስኪን ያስመስለናል፤ በዓይናችን ትክክል ሲቆም ግን ተመልካቹን እኩል ያነጋግራል። ከሩቅ ሲያነሳ ገርጂንና የሥራ ቦታችንን ያሳያል። ተጠግቶ ሲያነሳ እንባችንን ብቻ ሳይሆን ቁጠባ የሚቆጥሩ እጆቻችንንም ያሳይ። ሲንቀሳቀስም እኛን ተከትሎ ወደ ገበያ ይሂድ።

በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» የተጠለፈችውን ልጅ ብቻ ሳይሆን የተሟገተችላትን ሴት ጠበቃም አሳይቷል። እኛም የደረሰብንን ብቻ ሳይሆን የሠራነውን እናሳይ። ደጋፊዎቻችን በሐዘኔታ ሳይሆን በሥራችን አምነው አብረውን ይቁሙ።