አልዓዛርስ የት ነበር?

(ለአጥቢያ ሽማግሌዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሴቶች ልጆቻችን ከፍተኛ ትምህርት ነው። የምጀምረውም ከራሴ ጥፋት ነው።

በመንደራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ ለወንዱና ለሴቷ ልጄ በከተማ አንዲት ክፍል ቤት ተከራየሁላቸው። አንድ ማታ ሳላስታውቅ ብሄድ ወንዱ ደብተሩን ዘርግቶ ያጠናል፤ እኅቱ ግን ውሃ ቀድታ ተመልሳ እንጀራ ትጋግራለች። «ጎበዝ! ወንድምሽን አደራ» ብያት ተመለስሁ። ፈተናው ሲመጣ እርሱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ እርስዋ ወደቀች። እኔም ስንፍናዋ ነው አልሁ። የጣልኋት ግን እኔው ነበርሁ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950 ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም ሥራውን ሲጀምር፣ ሴቶች ተማሪዎች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የዓለምፀሐይ መኮንን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር የሆኑት በ2009 ነው። በመካከሉ 59 ዓመት አለፈ። በ2018 ደግሞ ሣህለወርቅ ዘውዴ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዛሬ ሴት ሐኪም ወይም መሐንዲስ ማየት ብርቅ አይደለም። ለሴቶች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ዝቅ የተደረገበትም ጊዜ አለ። ዳሩ ግን ነጥቡ ሲቀነስላቸው የቤቱ ሥራ አልተቀነሰላቸውም።

ማርያም በጌታችን እግር ሥር ተቀምጣ ስትማር፣ ማርታ በሥራ ብዛት ትጨነቅ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ጌታም ማርያምን ከትምህርቷ አላስነሣትም። በዚህ ታሪክ ስንት ጊዜ ሰብከናል! ነገር ግን አልዓዛር የሚባል ወንድም ነበራቸውና፣ እርሱስ በዚያን ሰዓት የት ነበር ብለን ጠይቀን እናውቃለን? ሉቃስ አልነገረንም። የእኛ ቤት አልዓዛር ግን የት እንዳለ የታወቀ ነው፤ ራት እስኪቀርብ ተቀምጦ ይጠብቃል።

እናንተ የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ በመንደር የውሃ ቧንቧ ስታስገቡ ሴት ልጅ ከመንገድ ያተረፈችው ሰዓት ለደብተሯ መዋሉን ተከታተሉ፤ በሌላ ሥራ እንዳይተካባት። እናንተ ሽማግሌዎች፣ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጃገረዶች እሑድ እሑድ ታዩአቸዋላችሁ፤ ማታ ማታስ የት ያጠናሉ? የጸሎት ቤቱን አዳራሽ ከፍታችሁ መብራት ብታበሩላቸው፣ እናቶችም ተራ ገብተው አብረዋቸው ቢቀመጡ፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የመጨረሻዋ ሴት ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ውሃ የሚቀዳው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሊጥ ማቡካትም ተምሯል። ጎረቤት ይስቅብናል፤ ይሣቅ። የከበደኝ ሌላ ነው። ታላቂቱ ልጄ ይህን አይታ፣ «አባባ፣ ለእኔስ ለምን እንዲህ አልሆነም?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ወንድሞቼ ሆይ፣ ልጃችሁ ይህን ሳትጠይቃችሁ ዛሬ ማታ ከየቤታችሁ ጀምሩ።