መርከብ ላይ ማረፍ፦ የመቆም ታሪክ



እስቴ ላይ ቆሞ ስለ ባሕር አብራሪዎች መናገር ምን ይሉታል የምትሉ አትጠፉም። የእኛ አገር ሰው ግን አምባ ያውቃል፤ አናቱ ሜዳ፣ ዳሩ ገደል። አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብም እንደዚያው ነው፤ ይኼኛው አምባ ግን ይጓዛል፣ በማዕበልም ከፍ ዝቅ ይላል።

ከመርከብ መነሣቱ ያን ያህል አላስቸገረም፤ ጭንቁ መቆሙ ላይ ነው። አሜሪካዊው ዩጂን ኢሊ መርከብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው ጥር 10 ቀን 1903 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ዘንድ ከተራ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ መልሕቋን በጣለችው «ፔንሲልቫኒያ» ጣውላ ተነጠፈ፤ በጣውላው ላይ ጫፍና ጫፋቸው በአሸዋ ከረጢት የታሰሩ ገመዶች ተጋደሙ። የአውሮፕላኑ ሜንጦዎች ገመዶቹን ይዘው አስቆሙት። ዛሬም ዘዴው ያው ነው፤ ገመዱ ብረት ሆነ እንጂ።

በምትጓዝ መርከብ ላይ ቀድሞ ያረፈው እንግሊዛዊው ኤድዊን ደኒንግ ነው፤ ሐምሌ 26 ቀን 1909። ባልደረቦቹ ሮጠው አውሮፕላኑን በእጃቸው ይዘው አቆሙለት። ነሐሴ 1 ቀን ደግሞ ሲሞክር ባሕር ውስጥ ገብቶ ሞተ። ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ አውሮፕላንን በእጅ መያዝን ግን ዘዴ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

የዘመኑ ተዋጊ ጄት በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ ይመጣል። ጎማው ወለሉን ሲነካ አብራሪው ሞተሩን በመቀነስ ፈንታ ሙሉ ኃይል ይሰጠዋል፤ ሜንጦው ገመዱን ከሳተ ወዲያው መነሣት አለበትና። ከያዘለት 100 ሜትር ያህል ሄዶ ቀጥ ይላል። በቬትናም ጦርነት የአብራሪዎች የልብ ምት ቢለካ፣ ቦምብ ሲጥሉ ከነበረው ይልቅ መርከብ ላይ ሲያርፉ የነበረው በልጦ ተገኘ።

ይህ ሙያ የእኛንም ታሪክ ነክቶ አልፏል። በ1933 የእንግሊዟ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ «ኢግል» የስዊዝ ቦይ በፈንጂ ስለታጠረባት አብራሪዎቿ ቀድመዋት ፖርት ሱዳን ሄዱ። መጋቢት 25 ቀን ከዚያ የምድር ሜዳ ተነሥተው፣ ከምጽዋ የወጡትን «ናዛሪዮ ሳውሮ» እና «ዳኒየሌ ማኒን» የተባሉ የጣሊያን የጦር መርከቦች አሰጠሙ። በ5ኛው ቀን ምጽዋ ተያዘች። ጎንደር ያለው ጣሊያን ግን እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 አልተንበረከከም።

አገራችን አውሮፕላን ተሸካሚ ኖሯት አያውቅም። ሆኖም በ1954 ከአሜሪካ ያገኘናት መርከብ «ኢትዮጵያ»፣ በቀድሞ ስሟ «ኦርካ»፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖች ረዳት ነበረች። አውሮፕላኖቹ ውኃው ላይ ያርፋሉ፤ እሷ ነዳጅና ጥገና ትሰጣለች። ገመድ የለ፣ ሜንጦ የለ። በእኔ ግምት ከሁሉም ብልኅ መላ ይኼ ነበር፤ ማዕበል ሲበረታ ግን አይሠራም። መርከቧ በ1983 ወደ የመን ሸሸች፣ ከ2 ዓመት በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።