ቆሞ ዋጋው የሚጨምር መኪና፦ ንግድ ነው ወይስ ምኞት?

(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

የዛሬው ርዕሳችን በልደታ ኮንዶሚኒየም ከምትኖር አንዲት እህታችን የመጣ ጥያቄ ነው። ባለቤቷ የዕቁብ ብር ደርሶታል። በዚያ ላይ የእሷን የመህር ወርቅ ሸጦ አንድ አሮጌ ቮልስ ሊገዛ አስቧል። ሊነዳት አይደለም። ሸራ አልብሶ በሕንፃው ግቢ ሊያቆማትና ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእጥፍ ሊሸጣት ነው። «ውጭ አገር አሮጌ መኪና በሚሊዮን ዶላር ይሸጣል፤ እዚህም ቮልስ በየዓመቱ እየተወደደች ነው» ይላታል። እህታችን የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፦ ይህ ሐላል ነው ወይ? ብልህነትስ ነው ወይ? ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ በመሆናቸው ለየብቻ እንመልሳቸዋለን። ሐላል የሆነ ነገር ሁሉ ብልህነት ነው ማለት አይደለምና።

በቅድሚያ ባልየው የሰማው ወሬ ውሸት አለመሆኑን እንናገር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 የመርሴዲስ ኩባንያ በ1955 ከሠራቸው ሁለት ልዩ መኪኖች አንዱን ጀርመን፣ ሽቱትጋርት በሚገኘው ሙዚየሙ ውስጥ በተደረገ ጨረታ ሸጦ ነበር። ዋጋው 135 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። ኩባንያው ገንዘቡን ለወጣቶች የትምህርት ድጋፍ እንደሚያውለው አስታውቋል። በ1962 በ18,000 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው ፌራሪ 250 ጂቲኦ የተባለው መኪና ደግሞ አንዱ በ2018 በ48.4 ሚሊዮን ዶላር፣ ሌላው በ2023 በ51.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

እነዚህን ቁጥሮች የሰማ ሰው ልቡ ቢነሳ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቁጥሩን ተረጋግተን እንመልከተው። የዚህ ፌራሪ ዓይነት በዓለም ላይ የተሠራው 36 ብቻ ነው። የተሸጡት ሁለቱ መኪኖች የተለያዩ ቢሆኑም በአምስት ዓመት ውስጥ በዋጋቸው መካከል የታየው ልዩነት ከመቶ ሰባት አይሞላም። በዚያው ጊዜ በአሜሪካ የሸቀጥ ዋጋ ከመቶ ሃያ በላይ ጨምሯል። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ትልቅ ቁጥር ሁልጊዜ ትልቅ ትርፍ ማለት አይደለም። ያተረፈው ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት ማንም ሳይፈልገው የገዛ ሰው ነው። ዛሬ የሚገዛው ሰው ትናንት ያተረፈውን ሰው ትርፍ ከፋይ ነው።

ወደ ቮልሷ እንመለስ። ቮልስ ብርቅ መኪና አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ማምረት እስከቆመበት ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ስሟም በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ታዲያ እኛ አገር ለምን ተወደደች? አንደኛ፣ ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝና ቀላል ስለሆነ ማንኛውም የሰፈር ጋራዥ ይጠግናታል። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን እሷ አይደለችም፤ ሌላ መኪና መግዛት መክበዱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲያደርግ መኪና አንዱ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በሩ ሲጠብ ውስጥ ያለው ይወደዳል። ዲኤክስ ኮሮላም፣ አሮጌ ላዳም የተወደደው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በመመሪያ የመጣ ዋጋ በመመሪያ ሊሄድ እንደሚችል መርሳት አይገባም። መመሪያ ባይቀየር እንኳ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተው ሲረክሱ፣ ሰው ነዳጅ የምትጠጣ አሮጌ መኪና ለመያዝ ያለው ፍላጎት ይጨምር ወይም ይቀንስ እንደሆነ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ ብዙዎቻችንን የሚያሳስት አንድ ሒሳብ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ዶላር 55 ብር ሲሆን መኪና በ300,000 ብር ገዛ እንበል። ዶላር 110 ብር ሲደርስ በ600,000 ብር ሸጠው። «እጥፍ አተረፍኩ» ይላል። በዶላር ስንቆጥረው ግን የገዛውም የሸጠውም በ5,450 ዶላር ገደማ ነው። መኪናው አልጨመረም፤ ብሩ ነው የቀነሰው። በመካከሉ ለቦሎ፣ ለባትሪ፣ ለጎማ፣ ዝገት ለማስቆምና ለቅብ ያወጣው ሲታሰብ ደግሞ ከስሯል። የቆመ መኪና ያረጃል። ጎማው ይሰነጠቃል፤ ቤንዚኑ በታንከሩ ውስጥ ይበላሻል፤ አይጥ ሽቦውን ይቆርጣል። ሶማሌ ተራ ወርዶ መለዋወጫ የፈለገ ሰው ይህን ያውቃል።

በሌላ በኩል የእህታችንን ወርቅ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በዓለም ገበያ የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ከ3,000 ዶላር አልፏል። ወርቅ አይዝግም፤ ቦሎ አይጠይቅም፤ ልጅ ታሞ በሌሊት ገንዘብ ቢያስፈልግ በማግስቱ ጠዋት የሚገዛው አይጠፋም። አሮጌ ቮልስ ግን ወዳጇ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ወዳጇ ካልመጣ ደላላው በሚለው ዋጋ ትሄዳለች። ይህን ስንል ወርቅ ግዙ ማለታችን አይደለም። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የመህር ወርቅ የሚስት ንብረት መሆኑ ነው። ባል በፈቃዷና በደስታዋ ካልሰጠችው በቀር አንዲት ግራም ሊነካ አይገባውም። ዝም ማለቷ በሐፍረት ወይም በፍርሃት ከሆነ ፈቃድ አይደለም። በሱረቱ ኒሳእ አላህ ሴቶች በገዛ ነፍሳቸው ደስ ብሏቸው ከለቀቁት ብቻ መብላትን ፈቅዷል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ ሸሪዓው እንግባ። አሮጌ መኪና ገዝቶ ዋጋው ሲጨምር መሸጥ በመሠረቱ የተፈቀደ ንግድ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሉት ክምችት በሰዎች አስፈላጊ ነገር ላይ ጉዳት የሚያመጣውን ነው፤ ብዙዎቹ ፈቂሆች በምግብና ሕዝብ በሚቸገርበት ነገር ላይ ወስነውታል። ለጌጥ የሚያዝ መኪና ከዚህ ውስጥ አይገባም። ጨረታም ቢሆን የተፈቀደ ነው። ነገር ግን አራት ጥንቃቄዎች አሉ።

አንደኛው ነጅሽ የሚባለው ነው። ሳይገዙ ዋጋ ማስወጣት ማለት ነው። የመግዛት ሐሳብ የሌለው ሰው ሌላውን ለማታለል ዋጋ ቢጨምር፣ ወይም ደላላ «ትናንት ይህን ያህል ተሰጥቶባታል» ብሎ ቢዋሽ በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ የተከለከለው ይህ ነው። በአሮጌ መኪና ገበያ ውስጥ ዋጋውን ከሚያስወጡት ነገሮች አንዱ ይኸው መሆኑን መደበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ነውርን መደበቅ ነው። ሞተሩ የተቀየረን መኪና «ኦሪጅናል» ብሎ መሸጥ፣ ዝገትን በቅብ መሸፈን፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አለመግጠሙን አለመናገር ማታለል ነው። ገዢና ሻጭ እውነት ከተናገሩና ነውሩን ከገለጹ ንግዳቸው ይባረካል፤ ከዋሹና ከደበቁ በረካው ይጠፋል። ይህ የነቢያችን ትምህርት ነው።

ሦስተኛው ወለድ ነው። በወለድ ተበድሮ መኪና ገዝቶ ማቆም ሁለት እጥፍ ጥፋት ነው። ወለዱ ሐራም ነው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ዕዳው ግን ይሮጣል። በአገራችን ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች መከፈታቸው አልሐምዱሊላህ መልካም ነው። ቢሆንም ከወለድ ነፃ የሆነ ዕዳም ዕዳ ነው፤ ለሚያስፈልግ ነገር እንጂ ለምኞት አይወሰድም። ጎረቤቶች አዋጥተው በጋራ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ትርፉንም ኪሳራውንም ይካፈሉ። «አንተ ገንዘብህን አምጣ፣ ይህን ያህል ቁርጥ ትርፍ እሰጥሃለሁ» የሚል ውል በሸሪዓ አይጸናም።

አራተኛው ዘካት ነው። ብዙ ሰው የሚረሳውም ይህንን ነው። ለመንዳት የተገዛ መኪና ምንም ያህል ቢወደድ ዘካት የለበትም። ሲገዛ ጀምሮ ለመሸጥ ታስቦ የተያዘ መኪና ግን የንግድ ዕቃ ነው። በብዙኃኑ ፈቂሆች ዘንድ ኒሷብ ከሞላ፣ ዓመት በዞረ ቁጥር በዚያን ቀን የገበያ ዋጋው ተገምቶ ከመቶ ሁለት ተኩል ይወጣበታል። ለምሳሌ 800,000 ብር ቢገመት ዘካቱ 20,000 ብር ነው። መኪናው ገቢ ስለማያመጣ ይህን ብር ከደሞዙ ማውጣት ይኖርበታል። በኢማሙ ማሊክ መዝሀብ ዋጋ እስኪጨምር ይዞ የሚጠብቅ ነጋዴ ሲሸጥ የአንድ ዓመት ዘካት ብቻ ያወጣል። በሻፊዒዮች ዘንድ ደግሞ ከአባቱ የወረሰውን ወይም ለመንዳት የገዛውን መኪና በኋላ ሊሸጠው ቢያስብ፣ በሐሳቡ ብቻ የንግድ ዕቃ አይሆንም። ልብ በሉ፤ በዚሁ መዝሀብ ሴት በልኩ የምታደርገው ጌጥ ዘካት የለበትም። ጌጡ ተሸጦ ለንግድ የሚያዝ መኪና ሲሆን ግን ዘካቱ ይጀምራል። እያንዳንዱ ሰው በሚከተለው መዝሀብ የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ።

ሐላል መሆኑን እንዲህ ከተረዳን ብልህነት ነው ወይ ወደሚለው እንምጣ። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ከአነስ (ረ.ዐ.) የዘገቡት፣ የሐዲስ ሊቃውንት በሰነዱ ላይ ቢነጋገሩበትም ብዙ ዑለማ ስለ ጨረታ የጠቀሱት አንድ ታሪክ አለ። አንድ ድሃ የአንሷር ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ምንጣፍና አንድ መጠጫ ብቻ ነበር። እንዲያመጣቸው አዘዙትና በሰዎች ፊት አጫረቱለት። አንዱ አንድ ዲርሃም አለ፤ ሌላው ሁለት ዲርሃም አለና ወሰደው። በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። እጀታውን በተከበረው እጃቸው አስገብተው እንጨት ቆርጦ እንዲሸጥ ላኩት። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ አሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጨረታ አለ፤ ነገር ግን የጨረታው ፍጻሜ መጥረቢያ ነው። ቤት ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ንብረት ወደሚሠራ ንብረት ተለወጠ። የእኛ ጎረቤት ያሰበው ተቃራኒውን ነው፤ ሊሠራ የሚችለውን ገንዘብ ሸራ አልብሶ ሊያቆመው ነው። ያው ገንዘብ የስፌት መኪና፣ የዳቦ መጋገሪያ፣ የልጅ የሙያ ትምህርት ክፍያ ሊሆን ይችል ነበር። እነዚህ ዋጋቸው ቢቀንስ እንኳ በየቀኑ እንጀራ ያበላሉ። ቮልሷንም ቢሆን ገዝቶ ቢነዳት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ቢያደርስባት፣ የታመመ ጎረቤት ሐኪም ቤት ቢወስድባት ጥቅም ታገኛለች፤ ዋጋዋም ከጨመረ ተጨማሪ ሪዝቅ ነው።

ለተራፊ ገንዘብ ባለቤት ነገሩ ሌላ ነው። ዕዳ የሌለበት፣ የልጆቹን ወጪ የቻለ፣ ሐጅ ያደረገ ሰው አሮጌ መኪና ወዶ ቢይዝ ማንም አይከለክለውም። አደጋው የዕለት ጉርሱንና የሚስቱን ወርቅ በአንድ ቆርቆሮ ላይ የሚያደርገው ሰው ላይ ነው።

መኪና ክብር ነው ብለን ለምናስብም አገራችን ትምህርት አላት። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን መኪና አዲስ አበባ ባስገባ ጊዜ ሕዝቡ በግርምት ተመልክቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ በሮልስ ሮይስ ተሞላ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በአንዲት ቮልስ ነበር። ያ ሁሉ ሮልስ ሮይስ በዚያን ቀን አልጠቀማቸውም። ሱረቱ ተካሡር ሰዎች በመብዛትና በመፎካከር ተጠምደው መቃብር እስኪገቡ ድረስ እንደሚዘናጉ የሚያስጠነቅቀን ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለእህታችን የምንላት ይህ ነው፦ ወርቁ ያንቺ ነው፤ እምቢ ብትዪ ኃጢአት የለብሽም። ለባለቤቷ ለወንድማችን ደግሞ፦ ንግዱ ሐላል ነው፤ ነገር ግን በዕቁብ ብርህ ብቻ፣ ያለ ዕዳ፣ ብትከስር ቤትህ በማይናጋበት መጠን አድርገው። ከመግዛትህ በፊት የምታምነውን መካኒክ ውሰድ፣ ሊብሬውን ከሻንሲው አመሳክር፣ ከሚስትህ ጋር ተማከር፣ ኢስቲኻራ ስገድ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና ሰፊ ያድርግልን። ንብረታችንን ለቤተሰባችን በረካ ያድርግልን፤ የዱንያ ፉክክርንም ከልባችን ያውጣልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።