የቪዲዮ ዴካችንን አንጣል
(በጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ቪዲዮ ዴክ ዛሬም በየቤታችን አለ ወይ ቢባል፣ አለ። ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ ተቀምጧል፤ የሚሠራው ግን ጥቂቱ ነው። ፊልም ለማየትማ ሌላ መንገድ ሞልቷል። የሠርጉ፣ የምርቃቱ፣ የለቅሶው ካሴት ግን ሌላ ቅጂ የለውም። በዚሁ እድር የቀበርነውን የስንቱን ሰው ድምፅ የምንሰማው ከዚያ ብቻ ነው!

ቪ.ኤች.ኤስ. የተባለው ካሴት በጃፓን አገር እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። ዴኩን እስከ መጨረሻ ይሠራ የነበረው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2016 ሥራውን አቆመ፤ ገዢ ቀነሰ፣ መለዋወጫም ጠፋ። እንግዲህ ዛሬ አንዱ ሲበላሽ ባብዛኛው የሚጠገነው ከሌላ አሮጌ ዴክ በተፈታ ዕቃ ነው። «ይኼ ኮተት ይውጣልን» የምትሉ ልጆች እስቲ ቆዩ።

ካሴቱም ያረጃል። እርጥበት ከነካው ይሻግታል። ጥቅሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ዴክ ውስጥ አታግቡት፤ ሄድ የሚሉትን ያቆሽሻል፣ ሻጋታውም ወደ ሌላው ካሴት ይተላለፋል። ደኅናውን ወደ መጀመሪያው አጠንጥናችሁ፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ከድምፅ ማጉያ አርቃችሁ አስቀምጡት።

እኛ ያሰብነው ይህን ነው። ድንኳኑና ድስቱ የጋራችን ከሆነ አንድ የሚሠራ ዴክስ ለምን አይሆንም? ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥልን ከልጆቻችን መካከል አይጠፋም። ዴክ ያለው ለጸሐፊው ያስመዝግብ፤ የተበላሸም ቢሆን ለመለዋወጫ ይሆናልና ይምጣ። የሟች ቤተሰብ ካሴት ቅድሚያ ያገኛል።